ኮሌራ መርዙን ከማን ተቀበለ?

ከአሸዋማ ወንዝ ዳር የተቀዳ ውኃ ጥርት ብሎ ሲታይ «ይህማ ንጹሕ ነው» እንላለን። ዓይን ግን ጀርምን አያይም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከባሌ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ በ2016 ዓ.ም. ድሬዳዋንም ነክቷል። ስለዚህ የዚህን ጀርም ጠባይ እንወቅ።

ጀርሞችም ራሳቸው ይታመማሉ። ከእነርሱ እጅግ የሚያንስ፥ ፌጅ የሚባል ቫይረስ በውስጣቸው ይገባል። ከገባም በኋላ ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው፥ እንደ ነቀዝ ነው። ነቀዝ ማሽላውን ከውስጥ በልቶ ቀፎ እንደሚያደርገው፥ ፌጁም በጀርሙ ውስጥ ይራባና አፈንድቶት ይወጣል።

ሁለተኛው፥ እንደ ደባል ነው። የራሱን ዘረመል፥ ማለት የዘር ትእዛዙን፥ ከጀርሙ ዘረመል ጋር ያጣብቅና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጀርሙ ሲራባ ደባሉም ለልጆቹ ይተላለፋል።

ታዲያ ዝም የሚያሰኘው ማን ነው? ከፌጁ ዘረመል አንዱ ዘበኛ ይሠራል፤ ዘበኛውም የቀሩትን ትእዛዞች ይዘጋል። የጀርሙ ዘረመል በጠንካራ ጨረር ወይም በሌላ ነገር ሲጐዳ ዘበኛው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደባሉ ይነቃል።

የኮሌራ ጀርም እንዲህ ያለ ደባል አለው። መርዙን የሚያሠራው ትእዛዝ የመጣው ከዚህ ፌጅ መሆኑን ዋልዶርና መካላኖስ የተባሉ ሊቃውንት በ1996 እ.ኤ.አ. ገለጡ። ይህ ፌጅ ሲነቃ ጀርሙን አያፈነዳም፤ ቅጂዎቹን እያበዛ ወደ ውጭ ይልካል። እነዚያም መርዝ ወደሌለው ዘመድ ጀርም ገብተው መርዘኛ ሊያደርጉት ይችላሉ። መርዙ የሰውነትን ውኃ ወደ አንጀት ያፈስሳል፤ ሰገራው የሩዝ እጣቢ ይመስላል፤ ታማሚው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ የትኛው ጀርም ደባል እንዳለው በቤት መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንከላከል፦

1. የመጠጥ ውኃ እስኪንፈቀፈቅ ድረስ ቢያንስ 1 ደቂቃ አፍሉ፤ በንጹሕ ጀሪካን ክደኑ።
2. ከመጸዳጃ መልስ፥ ሕፃን ካጸዳዳችሁ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራትና ከመብላት በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
3. በመጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ፤ የሕፃኑንም ዓይነ ምድር እዚያው ድፉ።
4. ተቅማጥ ከያዘ ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) በእሽጉ ላይ እንደ ተጻፈው በተፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ጡት የሚጠባውን ሕፃን ጡት አትከልክሉት።

ጥያቄ፦ ጥርት ያለ ውኃ ለምን ይፈላል? መልሱን ለልጆቻችሁ ንገሩ።