ለሸራ ጀልባ የሚሆን መዘውርና የወለል ዕቃ አመራረጥ

በኩየራ ገበያ የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ መዘውር ሲባል አስቀድሞ የሚታየው የጉድጓድ ውሃ መቅጃው ነው። ይህ መዘውር ከብረት የተሠራ፣ ከባድ፣ በመካከሉ አንድ ወፍራም ዘንግ የገባበት፣ ዋጋውም የማያስቸግር ዕቃ ነው። ለተሠራበት ተግባር መልካም ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ከላንጋኖ ወይም ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የመጣ ደንበኛ ለሸራ ጀልባው መዘውር ሲጠይቅ ይህንኑ አንሥቶ መስጠት ለሻጩም ለገዢውም ጉዳት ነው። የገዢው ጉዳት ደግሞ ከገንዘብ ሊያልፍ ይችላል፤ በውሃ ላይ ያለ ሰው በእጁ የያዘውን ገመድ በፈለገ ጊዜ መሳብ፣ በፈለገም ጊዜ መልቀቅ ካልቻለ ጀልባው ይገለበጥበታልና።

ኩየራ ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ላንጋኖና ዝዋይ፣ ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ደግሞ ሐዋሳ ቅርብ ናቸው። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩ የዛይ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ ታንኳው ብረትም መዘውርም አያሻውም። የሸራ ጀልባ ግን የነፋስን ኃይል በገመድ የሚገዛ ስለ ሆነ ያለ መዘውር አይሠራም። እንዲህ ያለው ጀልባ በአገራችን ሐይቆች ላይ ብዙ አለመሆኑ እሙን ነው፤ ገበያውም ጠባብ ነው። ጠባብ ገበያ ደግሞ የተሳሳተ ትእዛዝን አይምርም። ብዙ ደንበኛ ያለው ዕቃ ቢበላሽ አንዱ ያልወደደውን ሌላው ይገዛዋል፤ የጀልባ መዘውር ግን ካልተስማማ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል። በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያለ ዕውቀት የታዘዘ አንድ ካርቶን ዕቃ የሚያስከፍለው ብር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ሆኗል። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለ ሱቁ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አምስት ነገሮች አስቀድሞ ቢመረምር ይጠቀማል።

አንደኛ፤ የዕቃውን ተግባር ማወቅ

በትንሽ የውድድር ጀልባ ላይ ዋናው ገመድ ሸራውን ወደ ውስጥ የሚስበው ነው። መርከበኛው ይህን ገመድ በአንድ እጁ፣ መሪውን በሌላ እጁ ይዞ ለሰዓታት ይቀመጣል። ተራ መዘውር ገመዱን ከማዞር በቀር እጁን አያግዝም። ባለ ጥርስ መዘውር፣ ራቼት የሚባለው፣ ግን ከዚህ ይለያል። በውስጡ ጥርስ ያለው ክብና በሞላ የሚገፋ ትንሽ ምላስ ስላለበት ጎማው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይዞራል። መርከበኛው ገመዱን ሲስብ ጎማው ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል፤ ሸራው ገመዱን መልሶ ሊስብ ሲል ጎማው ቆሞ ይቀራል። የጎማው ጎድጓዳ ለስላሳ ሳይሆን ማዕዘን ማዕዘን ያለው ስለ ሆነ ገመዱን ነክሶ ይይዛል። እጅ ጥቂት ላላ ሲል ግን ገመዱ ተንሸራቶ ይለቀቃል። የዚህ ዕቃ ጥበቡ ይህ ነው፤ ሸክሙን ይቀንሳል እንጂ ገመዱን አያስርም።

አምራቾች የመዘውሩን የመያዝ ኃይል በንጽጽር ይገልጻሉ። 10 ለ1 የተባለ እንደ ሆነ በሸራው በኩል 30 ኪሎ ቢጎትት በእጅ በኩል 3 ኪሎ ይበቃል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን ገመዱ ጎማውን ግማሽ ክብ ያህል ሲዞረው የሚገኝ ነው። ገመዱ ጎማውን ጥቂት ብቻ ነክቶ የሚያልፍ ከሆነ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ራቼት ከተራው መዘውር ብዙ አይሻልም። ስለዚህ ሻጭ ለገዢው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ገመዱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛ፤ ሸክሙንና ቁጥሩን ማስተያየት

የነፋስ ኃይል እንደ ፍጥነቱ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆኑት ሐይቆቻችን ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ1 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል ይጫናል። በሰከንድ 10 ሜትር ሲነፍስ ግን ወደ 5 ኪሎ ይደርሳል። ቀድሞ ሌዘር ይባል የነበረውና ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በኦሎምፒክ ውድድር የገባው አንድ ሰው የሚነዳው ጀልባ፣ 7 ካሬ ሜትር ያህል ሸራ አለው። በ7 ካሬ ሜትር ላይ ይህ ጭነት 35 ኪሎ ይሆናል። ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ በድንገት ሲናወጥ በሐይቆቹ አካባቢ የኖረ ሁሉ አይቷል፤ ሸክሙም መታሰብ ያለበት በጠዋቱ ሳይሆን በከሰዓቱ ነፋስ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ገመዱ 30 ኪሎ ሲጎትት መዘውሩ የሚሸከመው 30 ኪሎ ብቻ ይመስላቸዋል። ገመዱ ዞሮ ወደ መጣበት ከተመለሰና በሚሳብበት ጊዜ ሁለቱም ወገን ስለሚጎትቱ መዘውሩና የታሰረበት ቦታ 60 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ። ገመዱ በቀኝ ማዕዘን ከታጠፈ ደግሞ 42 ኪሎ ያህል ይሆናል።

በዋጋ ዝርዝር ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ዕቃው ሳይጎዳ ዘወትር ሊሸከመው የሚችለው የሥራ ሸክም ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው የሚሰበርበት ሸክም ነው። አንዱ ሻጭ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሻጭ ሁለተኛውን ብቻ ሊጽፍ ይችላል። 500 ኪሎ የተጻፈበት ርካሽ መዘውር 200 ኪሎ ከተጻፈበት ውድ መዘውር የበረታ መስሎት ያዘዘ ነጋዴ ምናልባት ያነጻጸረው መሰበሪያን ከመሥሪያ ጋር ይሆናል። ፕሮፎርማ ሲጠየቅ ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻ እንዲጻፉ ማስገደድ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ገመዱን ከመዘውሩ ጋር ማስማማት

መዘውር ያለ ገመዱ አይመረጥም። በገበያችን የሚገኘው የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጭረቱም እየረገፈ በጎማው ጎን ይገባል። የሚያንሸራትት ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ በራቼት ማዕዘን ላይ አይያዝም። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ላዩ የተጎነጎነ፣ ለእጅ የሚመች የፖሊስተር ገመድ ነው። ውፍረቱም አምራቹ በጻፈው ወሰን ውስጥ መሆን አለበት። ከወሰኑ የቀጠነው ይሾልካል፤ ከወሰኑ የወፈረው በጎድጓዳው ውስጥ አይቀመጥም። ለ8 ሚሊሜትር ገመድ 57 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ቢመረጥ ጎማው የገመዱን ውፍረት ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ጎማው ሲሰፋ ገመዱ በብዙ ስለማይታጠፍ ዕድሜው ይረዝማል።

አራተኛ፤ ውሃውንና ማዕድኑን ማወቅ

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውሃቸው አንድ አይደለም። የዝዋይና የሐዋሳ ውሃ ለጋ ውሃ ሲሆን፣ ሻላና አብያታ ሶዳ የበዛባቸው ናቸው። በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። ላንጋኖ በመካከል ያለ ሲሆን ውሃው ቡናማ የሆነው ሳይረጋ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው።

ይህ ልዩነት ዕቃን ይመለከታል። አሉሚኒየም ላዩን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ሶዳ በበዛበት ውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ በባሕር ጨው ላይ የተመሰገነ የአሉሚኒየም ዕቃ በሻላ ዳር ሊበላ ይችላል። የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ የሚባለው፣ ይሻላል። ከዚህም 304 የተባለው ለለጋ ውሃ ይበቃል፤ 316 የተባለው ሞሊብዲነም የተጨመረበት ስለ ሆነ ጨውን ይበልጥ ይቋቋማል። ነጋዴዎች ስቴንለስን በማግኔት መፈተን ልማዳቸው ነው። ማግኔት ግን ተራ ብረትን ከመለየት በቀር 304ን ከ316 አይለይም፤ ስለዚህ የአምራቹ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ስቴንለስ ብሎን በአሉሚኒየም ደቀል ላይ በቀጥታ ከታሰረና ውሃ ከነካው ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመካከላቸው የናይለን ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ መግባት አለበት።

የጎማውን ውስጥ በተመለከተ፣ አሜሪካዊው ፒተር ሃርከን በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ዓመታት በመዘውር ውስጥ የፕላስቲክ ኳሶችን ካስገባ ወዲህ የውድድር ጀልባ ሁሉ ይህን መንገድ ተከትሏል። እነዚህ ኳሶች ቀላልና የማይዝጉ ናቸው። በመኪና ኩሽኔታ የለመደ ሰው ግራሶ ሊቀባቸው ይወዳል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ግራሶው የላንጋኖን ደቃቅ አፈር ይዞ ያስቀራል፣ ጎማውም እንደ ወፍጮ ይፈጫል። የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ብቻ ነው። ከፍ ባለ አገር የፀሐይ ጨረር የበረታ ስለ ሆነ፣ ፕላስቲኩም ጥቁርና ጨረርን እንዲቋቋም የተዘጋጀ ቢሆን ይመረጣል።

አምስተኛ፤ አጣበቁን አለመርሳት

የመዘውሩ ጥንካሬ ከተጣበቀበት ወለል ጥንካሬ አይበልጥም። በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ በሁለት ቪቴ ብቻ የተያዘ ማያያዣ ነፋስ በበረታ ቀን ተነቅሎ መዘውሩን ይዞ ይሄዳል። ትክክለኛው አሠራር ወለሉን በስቶ በብሎን ማሰር፣ ከበታችም ሰፊ ሮንዴላ ወይም ጠንካራ ሳንቃ አድርጎ፣ በማይላላ ዳዶ ማጥበቅ ነው። ቀዳዳውም ውሃ እንዳያስገባና እንጨቱ እንዳይበሰብስ በማሸጊያ ይደፈናል። አስተዋይ ባለ ሱቅ መዘውሩን ለብቻው አይሸጥም፤ ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሮንዴላውንና ማሸጊያውን በአንድ ከረጢት አድርጎ ይሸጣል። ገዢው ኩየራ ድረስ ሁለተኛ መመለስ አያስፈልገውም፤ ሻጩም በአንድ ሽያጭ አምስት ዕቃ ሸጠ ማለት ነው።

ገመድ በሁለት ጥርሶች መካከል ገብቶ የሚያዝበትን መንከሻ በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያሻል። መንከሻው ገመዱን አጥብቆ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ላይ ሲነሣ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ነፋስ በድንገት ሲመታ ከመገልበጥ የሚያድነው ይህ አንድ ቅጽበት ነው። በጭነት የማይለቅ መንከሻ በዋናው የሸራ ገመድ ላይ መዋል የለበትም።

ስለ ማስመጣቱ

እነዚህ ዕቃዎች ትንንሽና ዋጋቸው ከክብደታቸው የሚበልጥ ስለ ሆነ ለመጀመሪያ ሙከራ በአየር ማስመጣት ያዋጣ እንደ ሆነ ማስላት ይገባል። በጅቡቲ በኩል አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው መንገድ ርካሽ ቢሆንም ለትንሽ ካርቶን የሚጠብቀው ጊዜና ወጪ ሊያሳንሰው አይችልም። በጉምሩክ የዓለም አቀፍ አመዳደብ መዘውሮች በቁጥር 8483 ሥር ሲሰፍሩ፣ ሸክም ማንሻ መሣሪያዎች በ8425 ሥር ናቸው። በኢንቮይስ ላይ «የማንሻ ዕቃ» ተብሎ በግዴለሽነት የተጻፈ ካርቶን ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ሻጩ የዕቃውን ስም በትክክል እንዲጽፍ አስቀድሞ መንገር፣ አጠራጣሪ የሆነውንም ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ለጉምሩክ አቅርቦ መጠየቅ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜም ሃያ ዓይነት ከማዘዝ ሁለት ወይም ሦስት መጠን ብቻ መርጦ፣ መለዋወጫ ሞላና ኳስ ጨምሮ ማዘዝ ብልኅነት ነው።

ዕቃው ሱቅ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና ይቀራል። ባለ ሱቁ አንዱን ራቼት በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥብቆ ያስረው፤ ገመድ አግብቶ በአንደኛው ጫፍ አንድ የ10 ኪሎ ሚዛን ድንጋይ ያንጠልጥል፤ ሌላውን ጫፍ ለደንበኛው ይስጥ። ደንበኛው ሲስብ የጎማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሲያቆም ሸክሙ በጣቶቹ ብቻ እንደሚያዝ ያያል። ድምፅ ካልተሰማና ሸክሙ በሙሉ በእጁ ላይ ከወደቀ ወይ መክፈቻው አልተከፈተም፣ ወይም ገመዱ በተገላቢጦሽ ገብቷል። በጀልባ ላይም ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ይህን በጠረጴዛ ላይ የተማረ ደንበኛ በሐይቅ መካከል አይማረውም፤ ያስተማረውንም ሱቅ አይረሳም።