ወርቁን ማን አጠበው? (ስለ ዘዴኞች ለምንጽፍ ተማሪዎች)

በዚህ እትም የማነሳው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ የጨዋታ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን እኔው ራሴ ከሠራሁት ስሕተት የተነሣ ትምህርት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ከብበን የጃፓን ካርቱን፣ ማለትም አኒሜ የምናይ ልጆች ብዙ ነን። ከገጸ ባሕርያቱ የምንወዳቸው ደግሞ ጉልበተኞቹን ሳይሆን ዘዴኞቹን ነው። የ«ናሩቶ»ው ሺካማሩ ሲያዩት ሰነፍ ነው፤ ደመና ማየት ይወዳል። ውጊያ ሲመጣ ግን ሾጊ የተባለውን የጃፓን ቼዝ እንደሚጫወት ሰው ብዙ እርምጃ ቀድሞ ያስባል። በ2006 እ.ኤ.አ. መታየት የጀመረው «ዴዝ ኖት» ደግሞ በ37 ክፍሎቹ የሁለት ጭንቅላት ፍልሚያ ያሳየናል። አንዱ በደብተሩ ስም እየጻፈ ሰው የሚገድለው ላይት ሲሆን ሌላው አሳዳጁ ኤል ነው።

ኤል ላይትን ያጠመደበትን ዘዴ ያየ አይረሳውም። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ «ኤል እኔ ነኝ» ይላል፤ ገዳዩንም ይሰድባል። ላይት ተናዶ ስሙን ጻፈ፤ ሰውዬው እዚያው ሞተ። ለካ ሰውዬው የሞት ፍርደኛ ኖሯል! ለዓለም ሁሉ ይተላለፋል የተባለው ስርጭትም የታየው በጃፓን ካንቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ገዳዩ የት እንደሚኖር በዚህ ታወቀ። ሁላችንም አጨበጨብን። የሞተውን ሰውዬ ስም ግን በማግስቱ ብጠይቅ የሚያስታውስ አልነበረም። ለተመልካች የተነገረውን ውሸትም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሆነን ሳለ አንድም ሰው አላነሳው።

ይህ ወደ ራሴ ታሪክ ይወስደኛል። የተወለድኩት ከአሶሳ በስተ ሰሜን ባለችው ሆሞሻ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የታሪካዊ ሰው ፕሮፋይል እንድንጽፍ ስንታዘዝ «የእኛም ሀገር ዘዴኛ አለው» ብዬ የአሶሳውን ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንን መረጥኩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢያችን ሦስት ዋና ዋና ሼሆች ነበሩት፤ የአሶሳ፣ የቤላ ሻንጉል እና የሆሞሻ። በምዕራብ የሱዳን መሐዲስቶች፣ በምሥራቅ የዐፄ ምኒልክ ኃይል ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር መጥቶ አካባቢውን ያዘ፤ ሼሆቹም ታስረው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሆነ። ሼህ ሆጀሌ ከእስር ተፈትተው ሲመለሱ ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ እየገበሩ ከሌሎቹ ሼሆች ሁሉ በላይ ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው ይባላል። ከእስር ቤት ወጥቶ የበላይ መሆን! ይኼ ለእኔ ፍጹም አኒሜ ነበር።

እናም ልክ እንደ አኒሜ ጻፍኩት። «ሼህ ሆጀሌ በልባቸው እንዲህ ሲሉ አሰቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አስገባሁ። ጥሩ ማርክም አገኘሁበት።

ለእረፍት ሀገሬ ስገባ ጽሑፉን ለአያቴ በበርታ ቋንቋ እየመለስኩ አነበብኩላት። አያቴ በወጣትነቷ ወንዝ ዳር አፈር እያጠበች ወርቅ ታወጣ ነበር። ጎንበስ ብላ የኖረችበት ወገቧ እስከ ዛሬ አልተቃናም። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ጥሩ ጽፈሻል ልጄ። ግን ያንን ሁሉ ወርቅ ማን አጠበው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሦስት ገጽ ጽሑፌ ውስጥ ወርቅ የሚለው ቃል ስምንት ጊዜ አለ፤ ያጠበው ሰው አንድም ጊዜ የለም። የባሰውን ደግሞ ልናገር። የሼሁ ኃይል በወርቅ ብቻ ሳይሆን በባሪያ ንግድም የቆመ መሆኑን በንባቤ ወቅት አግኝቼው ነበር። «ታሪኩን ያበላሽብኛል» ብዬ ተውኩት። የተሸጡት ሰዎች የዚያው የአካባቢያችን ሰዎች ነበሩ። ኤል በሞት ፍርደኛው ያደረገውን እኔ በብዕሬ ደገምኩት ማለት ነው።

ዘዴን ማድነቅ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጣሊያኖች በሠሩት ምሽግ ላይ ፊት ለፊት የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው ፈጅቶ ሳይሳካ ቀረ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ግን የውሃው ምንጭ ተያዘ፤ በሻለቃ ጋሊያኖ ይመራ የነበረው ጦርም በጥማት ተሸንፎ ምሽጉን ለቀቀ። ይህ ሊደነቅ የሚገባው ዘዴ ነው። ቢሆንም የእቴጌይቱን ምክር ብቻ ጽፈን ምንጩን ከመድፍና ከጥይት ፊት ሆነው የጠበቁትን ወታደሮች ከተውን ታሪኩ ግማሽ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስለ ማንኛውም ዘዴኛ፣ የጦር መሪም ሆነ ነጋዴ ወይም ፖለቲከኛ፣ ስጽፍ ሦስት ጥያቄዎችን ከፊቴ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ ሐሳቡን ማን ነገረኝ? አኒሜ ውስጥ የላይትን የልብ ንግግር እንሰማለን፤ ደራሲው ስለፈጠረው። ጋዜጠኛ ግን የሰው ልብ ውስጥ መግባት አይችልም። መጻፍ የሚችለው የተባለውንና የተደረገውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ዘዴኛው የሚያውቀውን ከማን አወቀው? ማንም ብቻውን አያቅድም። መንገዱን፣ ምንጩን፣ የጠላትን ወሬ የሚያመጣ ሰው አለ።

ሦስተኛ፦ ዋጋውን ማን ከፈለ? ይኼኛው የአያቴ ጥያቄ ነው።

ፕሮፋይሉን እንደገና እየጻፍኩት ነው። ሼህ ሆጀሌ አሁንም ብልህ ሰው ናቸው፤ ያንን አልሰረዝኩም። መግቢያው ግን ተቀይሯል። አሁን የሚጀምረው ከሼሁ እልፍኝ ሳይሆን ከወንዝ ዳር፣ ጎንበስ ብላ አፈር ከምታጥብ ሴት ነው። ማርኩ ይቀንስ ይጨምር እንጃ፤ ለአያቴ ሳነብላት ግን አላፍርም።

ቸር ይግጠመን!