ሐኪሙ ሞተር ሲከለክልዎት፦ ደመወዝዎ፣ ሥራዎና ሕጉ

ጥያቄ

በጂንካና በአካባቢዋ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። «የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ነኝ። ወደ ሐመርና ወደ በና ጸማይ ቀበሌዎች የምወጣው በድርጅቱ ሞተር ነው። በቅርቡ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደረገልኝ። ሐኪሙም ለስድስት ሳምንት ሞተር እንዳልነዳ ነገረኝ። አለቃዬ ግን ‹ሞተር ካልነዳህ ምን ትሠራልኛለህ? ወይ ሥራህን ጀምር፣ ወይ ያለ ደመወዝ ተቀመጥ› አለኝ። መብቴ ምንድን ነው?»

አጭሩ መልስ

አለቃዎ ካስቀመጡልዎት ሁለት ምርጫዎች አንዱንም የመቀበል ግዴታ የለብዎትም። የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው ከሆነና የሐኪም ማስረጃ ከያዙ የሕመም ፈቃድ ይገባዎታል። ከስድስቱ ሳምንት የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የተቀረው በግማሽ ይከፈላል። ይህን መብት ግን በቃል የተነገረ ምክር አያስከብርልዎትም። ሐኪሙ ያሉት ነገር ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

ማን ነው የከለከለዎት?

«ሞተር እንዳትነዳ» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው ይሰማሉ። የእያንዳንዱ ሕጋዊ ጉልበት ግን ይለያያል።

ሐኪሙ የሚሰጥዎት ምክር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ምክሩን ባይከተሉ ሐኪሙ የሚያስገድድበት መንገድ የለውም። እዚያው ሕግ አንቀጽ 22 ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ክርክር ተነስቶ፣ በሰውነት ላይ ከባድ አደጋ የማያስከትል ምርመራ እንዲደረግልዎት ተጠይቀው እምቢ ካሉ፣ ፍርድ ቤቱ በምርመራው ሊጣራ የታሰበው ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አሠሪዎ «ሌላ ሐኪም ይይህ» ቢሉዎት ባይሸሹ ይሻላል።

አሠሪው የሞተሩ ባለቤት ነው፤ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታም አለበት። ስለዚህ ቁልፉን ሊቀበልዎት ይችላል። ቁልፉን ስለተቀበለ ግን ደመወዝዎን ማስቀረት አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን ለሕይወቱ አስጊ የሆነ ሥራ እንዲሠራ ማስገደድን በአንቀጽ 14 ከልክሏል። በአንቀጽ 13 ደግሞ ሠራተኛው በአካልም በአእምሮም ለሥራ ብቁ ሆኖ የመገኘት ግዴታ አለበት። ስፌቱ ሳይደርቅ ወደ ዲመካ መንገድ የሚወጣ ሰው ይህን ግዴታ አልተወጣም።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የመንጃ ፈቃድን ከጤና ብቃት ጋር ያያይዘዋል። መንገድ ላይ የሚያስቆምዎት ትራፊክ ፖሊስ ልብስዎን ገልጦ ስፌትዎን አያይም። አደጋ ከደረሰ ግን የሕክምና ካርድዎ ይመረመራል። ሰው ከገጩ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ (አንቀጽ 559) ወይም በቸልተኝነት ሰው መግደል (አንቀጽ 543) ሊያስከስስዎት ይችላል። «እንዳትነዳ» የሚለው የሐኪም ወረቀትም በእርስዎ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። አክብረው ከተቀመጡ የሚጠብቅዎት ወረቀት፣ ጥሰውት ከነዱ ይመሰክርብዎታል።

የቤተሰብ ክልከላ ሕጋዊ ጉልበት የለውም። ቁልፍ የምትደብቅ ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ትክክል ናት።

ከሆስፒታል ሳይወጡ

ብዙ ክርክር የሚበላሸው ወረቀቱ ላይ «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ ስለሚጻፍ ነው። አሠሪው ይህን አይቶ «ዕረፍቱ ምን ያህል ነው? ከምን ሥራ ነው?» ቢል ምክንያታዊ ነው። ከጂንካ ሆስፒታልም ሆነ ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሐኪሙን በትሕትና ጠይቀው የሚከተሉት እንዲሰፍሩ ያድርጉ፦

– ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀንና ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፤
– «ሞተር ሳይክል እንዳይነዳ» የሚለው ገደብ በግልጽ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትም ከተከለከለ እሱም ጭምር፤
– ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መሥራት ይችል እንደሆነ ወይም ሙሉ ዕረፍት የሚያስፈልገው እንደሆነ፤
– የክትትል ቀጠሮ፣ የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና የተቋሙ ማኅተም።

ሐኪሙ ሥራዎን ላያውቁት ይችላሉ። ሞተሩን በእግርዎ ረግጠው እንደሚያስነሱት፣ መንገዱ ኮረኮንች እንደሆነ፣ ጎማ ሲቀበር ጎትተው እንደሚያወጡት ይንገሯቸው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሳ የሚመከረው ስፌቱ እንዳይከፈትና ቡአ እንዳይወጣ ነው። እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ እንቅልፍና ማዞር ያመጣል።

ወረቀቱን ሦስት ቅጂ ያድርጉ። አንዱን ለአሠሪው ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» አስብለው ያስፈርሙ። ሦስተኛው ቤት ይቀመጥ። አሠሪው ሕመምዎን የማያውቅ ከሆነ ከሥራ በቀሩ ማግስት ማሳወቅ አለብዎት። ማሳወቅ ከማይቻልበት ሁኔታ ላይ ከነበሩ፣ ለምሳሌ በድንገት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው ከሆነ፣ ሕጉ ይረዳዎታል። እንደዚያም ሆኖ ዘመድ በስልክ ቢያሳውቅልዎት ይመረጣል።

ደመወዙ፦ ሕመም ነው ወይስ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት?

የሚያገኙት ገንዘብ ልክ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ትርፍ አንጀት ከሥራዎ ጋር የማይያያዝ ሕመም ነው። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 85 እና 86 የሕመም ፈቃድ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ጀምሮ በሚቆጠር አሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር እንደሚደርስ ይደነግጋል። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ይህን ያልጨረሰ ሠራተኛ በዚህ መብት አይጠቀምም።

በድርጅቱ ትእዛዝ ወደ ሐና ሲወርዱ ማጎ ቁልቁለት ላይ ወድቀው፣ አጥንትዎ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልዎት ግን ጉዳዩ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ከመደበኛ የሥራ ቦታ ውጭ፣ የአሠሪን ትእዛዝ ሲፈጽሙ የደረሰ ጉዳትም በዚህ ውስጥ ይገባል። ያኔ የሕክምና ወጪውን አሠሪው ይሸፍናል። ለጊዜው መሥራት ባለመቻልዎ ደግሞ በአንቀጽ 108 መሠረት የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሦስት ወር ከደመወዝዎ 75 በመቶ፣ የተቀረው ስድስት ወር 50 በመቶ ይከፈልዎታል።

በቁጥር እንየው። ወርኃዊ ደመወዝዎ 8,000 ብር ነው እንበል፤ ዕረፍቱ 42 ቀን። ለሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር 8,000 ብር፣ የቀሪው 12 ቀን ግማሽ ክፍያ 1,600 ብር፣ በድምሩ 9,600 ብር ይሆናል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ሙሉው 11,200 ብር ይከፈላል፤ የሕክምናው ወጪም ከእርስዎ ኪስ አይወጣም። ስለዚህ በሥራ ላይ ከወደቁ ዕለቱኑ ሪፖርት ያድርጉ፣ ያዩ ሰዎችን ስም ይያዙ፣ የፖሊስ ማስረጃም ያውጡ።

ከቤት ወደ ሥራ በግል ሞተር ሲመላለሱ የሚደርስ አደጋ የተለየ ነው። ሕጉ በጉዞ ላይ የሚሸፍነው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም ለዚሁ ዓላማ በተከራየው መጓጓዣ ሲሄዱ የሚደርሰውን ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አሠሪው «እስኪሻልህ ሞተር እንዳትነካ» ብሎ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ሰጥቶዎት ጥሰው ነድተው ቢጎዱ፣ ሕጉ ጉዳቱን ሆን ብለው በራስዎ ላይ እንዳደረሱት ሊቆጥረውና አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ ሊያደርገው ይችላል።

«ቀላል ሥራ ስጡኝ» ማለት ይቻላል?

መጠየቅ ይቻላል፤ ማስገደድ ግን ከባድ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር አዋጁ ያዛል። ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግም ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ የለውም። ስለዚህ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ማዘጋጀት ወይም መዝገብ መሙላት በስምምነት የሚፈታ ነው። ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዙ እንደማይቀነስ፣ ሲያገግሙም ወደ ቀድሞ ሥራዎ እንደሚመለሱ። ሐኪሙ ሙሉ ዕረፍት አዝዞልዎት ከሆነ የሕመም ፈቃዱን መውሰድ ይችላሉ፤ ቀላል ሥራን አልተቀበልክም ተብሎ ፈቃዱ አይሰረዝም።

ከሥራ ቢያባርሩዎትስ?

በአዋጁ አንቀጽ 28 መሠረት አሠሪው በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለው ሠራተኛው በጤና መታወክ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን ለመፈጸም «ለዘለቄታው» ካልቻለ ነው። ስድስት ሳምንት ዘለቄታ አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለውም መቅረቱ ያለ በቂ ምክንያት ሲሆንና ስለ መቅረቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ተግሣጽ ከተሰጠ ብቻ ነው። ፊርማ ያለበት የሐኪም ወረቀት ካለዎት በቂ ምክንያት አለዎት። አለቃዎ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎት ግን አይፈርሙ። ያ ፊርማ ይህን ሁሉ መከራከሪያ ይዞብዎት ይሄዳል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ

የወረዳ የግብርና ባለሙያና የጤና ባለሙያ በአዋጅ 1156 አይተዳደሩም፤ የሚገዛቸው የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ለማነጻጸር ያህል የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለቋሚ ሠራተኛ በዓመት እስከ ስምንት ወር የሕመም ፈቃድ አስቀምጦ ነበር፦ ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር በግማሽ፣ ሁለት ወር ያለ ክፍያ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አሁን የሚሠራበትን ልክ ከወረዳዎ ፐብሊክ ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅሬታ ካለዎት መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ፤ ካልረኩ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይሂዱ።

በቀን ገቢ የሚሠሩ ከሆነ

በጂንካ ሞተር ተከራይተው ሰው እያመላለሱ ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። የሥራ ሰዓትዎንና መስመርዎን ባለቤቱ እየወሰነ ደመወዝ የሚከፍልዎት ከሆነ ሠራተኛ ነዎት፤ ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከትዎታል። የተወሰነ ገቢ አስገብተው ትርፉን ለራስዎ የሚይዙ ከሆነ ግን ግንኙነቱ የኪራይ ውል ነው፤ የሕመም ፈቃድ የለውም።

እዚህ ላይ የሚረዳዎት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1793 ነው። ያልታሰበ ከባድ ሕመም ወይም ከባድ አደጋ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። በድንገት ትርፍ አንጀት ይዞዎት ሆስፒታል የገቡ ቀን ገቢ አላስገባህም ተብለው ኪሳራ ቢጠየቁ ይህን መከራከሪያ ያንሱ። ቀጠሮ ይዘው የሚገቡበት የቡአ ኦፕራሲዮን ግን ያልታሰበ ነው ለማለት ያስቸግራል። አስቀድመው ለባለቤቱ አሳውቀው ሞተሩን በምስክር ፊት ያስረክቡ። ሞተሩን ከኦሞ ባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ በብድር ገዝተው ከሆነ ክፍያው ሳይዘገይ የሐኪም ወረቀት አያይዘው የጊዜ ማራዘሚያ በማመልከቻ ይጠይቁ።

ሞተሩን ለወንድምዎ ሲሰጡ

በማገገሚያ ጊዜ የሚሠራ ትልቅ ስሕተት ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው መሆኑ ነፃ አያወጣውም። እርስዎ አልጋ ላይ ተኝተው ወንድምዎ ቀይ አፈር ገበያ ላይ ሰው ቢገጭ ካሳው ወደ እርስዎ ይመጣል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው አይስጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ጊዜው እንዳላለፈ ያረጋግጡ። ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ሌሎችን ነው፤ የነጂውን ጉዳት አይደለም። ሞተሩ የድርጅቱ ከሆነ ደግሞ ለማንም ማዋስ አይችሉም።

የት ይሂዱ፣ እስከ መቼ?

መጀመሪያ ለአሠሪው የጽሑፍ ጥያቄ ያስገቡ። የሐኪም ወረቀቱን ያያይዙ፣ የሚጠይቁትን ቀንና ክፍያ ይዘርዝሩ። መልስ ካጡ ወይም ከተከለከሉ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው።

ጊዜውን አይርሱ። ከሥራ ተባርረው ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ያለዎት ጊዜ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ሽማግሌ ልኮ መነጋገር ጥሩ ነው፤ ሆኖም «ሽምግልናው አላለቀም ነበር» ብሎ ይርጋን አቆማለሁ ማለት አደገኛ ነው። እርቁ እየተካሄደም ክስዎን በጊዜው ያስመዝግቡ፤ ከታረቁ ክስ ማንሳት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ማብራሪያ ነው። የሥራ ውልዎና የድርጅትዎ የኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ መብት ሊሰጡዎት ይችላሉና ክስ ከማስገባትዎ በፊት ሁለቱን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።