የበረዶ ነብርና የሥዕል አንሺዎች ትዕግሥት

የበረዶ ነብር በእስያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ይኖራል። ጠጕሩ ድንጋይ ስለሚመስል በቅርብ ቢተኛ እንኳ አይለይም፤ የሚዘዋወርበትም አገር ሰፊ ስለ ሆነ ዛሬ በታየበት ስፍራ ነገ አይገኝም።

የእንግሊዝ አገር ቢ.ቢ.ሲ. የላካቸው ሥዕል አንሺዎች ይህን አውሬ ሲያድን በፊልም ለማንሣት ሦስት ዓመት ያህል ደከሙ። በፓኪስታን ተራሮች በብርድ ተቀምጠው ገደሉን ከሩቅ ይመለከቱ ነበር፤ ቢቀርቡ አውሬው ይሸሻልና። በመጨረሻም ነብሪቱ ማርኮር የተባለውን የዱር ፍየል በገደል ስታባርር አነሡ፤ ፍየሉ ግን ወንዝ ገብቶ አመለጠ። እነርሱም ማምለጡን ሳይሰውሩ በ2006 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለሕዝብ አሳዩ።

ስለዚህ መምህሩ ለተማሪዎቹ እንዲህ ብሎ ያስረዳ፤ ፍጥረትን የሚመረምር ሰው ሊያይ የሚሻውን ሳይሆን የሆነውን ይመሰክራል፤ ይህንም ለማግኘት ትዕግሥት ያስፈልገዋል።