ኮምፒዩተር የሚያዘንበው ዝናም

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በመልካሳ ስለሚያልፍ ቤታችን ጸጥ የሚለው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የጎረቤት ራዲዮ ሲጨመርበት ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ምን ያህል እንደሚቸገር አንባቢ ይፈርድልኛል።

የአጎቴ ልጅ ባዋሰኝ ኮምፒዩተር ላይ ብላንኬት የሚባል ፕሮግራም አገኘሁ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ፥ በነጻ የሚታደል ሲሆን፥ የዝናም፥ የነፋስ፥ የማዕበል፥ የወፎች ድምፅ ያሰማል። እያንዳንዱንም ለየብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በመካከሉ የቡና ቤት ጫጫታና የባቡር ድምፅ ማግኘቴ አሳቀኝ፤ እኛ የምንሸሸውን ሌላው ፈልጎ ይከፍተዋል!

ስሙ ብርድ ልብስ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። ጫጫታን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ጆሮአችን ድንገት ወደሚለወጥ ድምፅ ይሳባል። ዝናም ግን ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በአንድነት ይዞ ብዙ ሳይለዋወጥ ስለሚወርድ፥ በሥሩ የሚነገረው ቃል ተለይቶ አይሰማም። በዚህ ዓይነት የራዲዮኑ ወሬ ተሸፈነልኝ። የከባድ መኪናው ጉርምርምታ ግን አልተሸፈነም፤ የኮምፒዩተሩ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለ ሆነ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አያወጣም።

ነገሩ ጥንትም የታሰበ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ኧርቭ ታይብል የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ዳር ማዕበል ቀድቶ፥ በአይ.ቢ.ኤም. 360 ኮምፒዩተር አሳልፎ፥ በሸክላ አሳትሞ ሸጦ ነበር። ሸክላ ሲያልቅ ይገለበጣል፤ ፕሮግራሙ ግን አጭሩን ቅጂ መጨረሻውን ከመጀመሪያው እየቀጠለ ይደግመዋል። ምክንያቱም በሲዲ አሠራር የድምፁ ሞገድ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር ይመዘገባል፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት ሁለት ባይት ሲያዝ አንዱ ደቂቃ ብቻ 10,584,000 ባይት ይሆናል።

ፕሮግራሙ የራስን ድምፅ መጨመር ስለሚፈቅድ ወደ አዋሽ ወረድሁና በስልክ 40 ሴኮንድ ቀዳሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ደስ አለኝ። በሁለተኛው ግን በቅጂው ውስጥ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ መጮኹን አስተዋልሁ። በየ40 ሴኮንዱ ማለት በሰዓት 90 ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ትቼ ልጁ መቼ እንደሚጮኽ መጠበቅ ጀመርሁ። ሁለቱ ጫፎች በሚገናኙበትም ላይ ሞገዶቹ ስለማይገጥሙ ቀጭ ይል ነበር። ወንዙ ራሱ እንዲህ ያለ ስፌት የለውም።

ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ 11 ደቂቃ ቀዳሁ። አውዳሲቲ በተባለ ሌላ ፕሮግራም መጨረሻውን ቀስ በቀስ እያደከምሁ፥ መጀመሪያውን ቀስ በቀስ እያጎላሁ፥ አንዱን በሌላው ላይ ደረብሁት። ቀጭታው ጠፋ፤ ሒሳቡም ተመለሰ።

አንድ ማታ ግን በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳነብ፥ እናቴ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ሳልሰማ ቀርቼ የውሃውን ጀሪካን ብቻዋን ተሸክማ ገባች። የዓለም ጤና ድርጅት ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ 80 ዴሲቤል እንዳያዳምጥ ይመክራል። እኔ የዴሲቤል መለኪያ የለኝም። እናቴ ከወጥ ቤት ስትጠራኝ እስክሰማ ድረስ አዋሽን ዝቅ አደርገዋለሁ።