በአርሲ ደጋ ስለሚረግፍ ቅጠልና ስለ ግቢ ፍግ

ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሕዝቡ ግቢውን ጠርጎ፣ ቅጠሉንና ጥራጊውን ከየደጃፉ ከምሮ እሳት ይለኩስበታል። ልማዱም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። መነሻው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአገራችን ብዙ ሕዝብ የፈጀው፣ በሌላው ዓለም የእስፓኝ ግሪፕ የተባለው ወረርሽኝ ነው፤ በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ተርፈዋል። በሽታው ከቆሻሻ ሽታ የሚነሣ መስሎ ይታይ ስለ ነበረ ጢሱ አየሩን ያጠራዋል ተብሎ ታሰበ። ዛሬ በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ መሆኑ ስለ ታወቀ የጢሱ ነገር ፈራሽ ሆኗል፤ ግቢን መጥረጉ ግን አሁንም የሚመሰገን ነው። ክፋቱ ከቆሻሻው ጋር ቅጠሉ አብሮ መቃጠሉ ነው። ይህም በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ግቢ፣ በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም፣ በጋው እስኪያልፍ ድረስ ዘበኛው የጠረገውን ቅጠል በየማዕዘኑ ሲያነድ ይታያል።

ዛፍ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ የእህል ሥር ከማይደርስበት ስፍራ የሳበውን ምግብ በቅጠሉ አማካይነት ወደ ላይኛው አፈር ይመልሳል። ቅጠሉ በረገፈበት ሲበሰብስ አፈሩ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ የዝናቡንም ውኃ ይዞ ያቆያል። በተቃጠለ ጊዜ ግን ተክልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈርን የሚያለሰልሰውም ክፍል ይጠፋል። የሚተርፈው አመድ ጥቂት ፖታሽና ኖራ አለበት፤ እርሱንም የየካቲት ነፋስ ካልወሰደው የበልግ ጎርፍ ያጥበዋል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። የደጋው ሌሊት ብርድ ስለ ሆነ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ስለዚህ በቆላው በሦስት ወር የሚደርሰው ፍግ በዚህ አራትና አምስት ወር ሊፈልግ ይችላል። የቅጠሉም ዓይነት ይለያያል። ብሳና፣ ኦሮሞው በካኒሳ የሚለው፣ ቅጠሉ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ሲረግፍ ለስላሳ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ዋንዛም፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ እንዲሁ ነው። ኮርች፣ ማለት ወለንሱ፣ ከሁሉ ይበልጣል፤ የባቄላና የአተር ወገን በመሆኑ በሥሩ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይሰጡታልና ቅጠሉ የሰባ ነው። የግራዋና የኮክ ቅጠልም መልካም ናቸው። የጥድና የግራቪሊያ ቅጠል ግን ደረቅ ስለ ሆነ ተከትክቶ ከሌላው ጋር በጥቂቱ ካልተደባለቀ በቀር ሳይበሰብስ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው፤ ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ የነበሩት ሴቶች የስንቱን ቤት ምጣድ እንዳሰሙ የከተማው ሰው ያውቃል። ቅጠሉ ዘይት ስላለበት ነበልባሉ ብርቱ ነው። በዚያው ዘይትና በሌሎች መራራ ነገሮች ምክንያት ግን በጉድጓድ ሲከተት በዝግታ ይበሰብሳል፤ ሳይበስልም በመደብ ላይ ቢበተን የአትክልቱን ዘር እንዳይበቅል ሊከለክለው ይችላል። እንግዲህ ቦታው ምድጃ ሆኖ ሳለ በአርሲ ደጋ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተገላቢጦሽ ነው፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል በግቢ ውስጥ በከንቱ ይነዳል፣ አገሩ ከብት የሞላበት ሆኖ ሳለ እበቱ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል፣ እርሻው ከሁለቱም ሳያገኝ ይቀራል። ኩበት የሚነደውም ማገዶ ስለ ጠፋ ነው እንጂ ገበሬው የእበትን ጥቅም ስላላወቀ አይደለም፤ በኮፈሌ ደጋ እንሰት የምትተክል እናት የጋጣውን እበት ከእንሰቱ ሥር መድፋትን ከማንም ሹም አልተማረችም። ስለዚህ ማገዶ ሳይሰጡት «ኩበት አታንድ» ማለት ከንቱ ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል ደርቆ ከጣራ ሥር ይቀመጥና ለምጣድ ይዋል፤ በዚያ ልክ የተረፈው እበት ወደ ጉድጓዱ ይግባ። ይህ ግን የግቢውን ቅጠል ብቻ የሚመለከት ነው። በጭላሎ ተዳፋት ላይ ካለ የባሕር ዛፍ ደን ቅጠሉን ሁሉ አንሥቶ መሬቱን ራቁቱን ያስቀረ ሰው፣ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ሲወስድበት ያየዋል።

በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ከተቋቋመ ወዲህ የአርሲ ገበሬ የፋብሪካ ማዳበሪያን ለምዶ ተጠቅሞበታል። ማዳበሪያው ተክሉን ይመግባል፤ የአፈሩን ገላ ግን አይሠራም። በደጋው ከፍተኛ ክፍል አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ከማዳበሪያው ውስጥ ፎስፎር የተባለው ክፍል በአፈሩ ተይዞ አብዛኛው ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ፍግ ያለበት መሬት ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

የፍጉ ሥራ ቀላል ነው። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ በህንድ አገር በኢንዶር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1924 እስከ 1931፣ የእርሻን ተረፈ ምርትና እበትን እየደራረበ ፍግ የሚያዘጋጅበትን ሥርዓት ፈትኖ ለዓለም አስታወቀ፤ ዛሬ ኮምፖስት የሚባለውም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሠራል። ጉድጓዱ ጥላ ባለበት፣ ጎርፍ በማይገባበት ስፍራ፣ ወርዱ ሦስት ክንድ፣ ጥልቀቱ ሁለት ክንድ፣ ርዝመቱም እንደ ቅጠሉ ብዛት ሆኖ ይቆፈራል። ከታች አየር እንዲያሳልፍ ጭራሮ ይነጠፋል፤ በላዩ አንድ ስንዝር ቅጠል፣ ቀጥሎ አራት ጣት እበት ወይም ርጥብ አረም፣ ቀጥሎ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ እየተደረገ፣ ውኃ እየተረጨ እስኪሞላ ይደራረባል። ቅጠል ብቻውን ቢከመር ናይትሮጅኑ ጥቂት ስለ ሆነ ሥራው ይጓተታል፤ ያለ እበት የጀመሩ ሰዎች በዓመቱ ያንኑ ቅጠል አግኝተው ነገሩን የሚነቅፉት በዚህ ምክንያት ነው። በመካከሉ ረጅም ዘንግ ይተከልና በየሳምንቱ እየተነቀለ ይዳሰስ። ሞቅ ብሎ ረጥቦ ከወጣ መልካም ነው፤ ደርቆ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ውኃ ይጨመር፤ ከከረፋ ውኃው በዝቷልና በመንሽ ይገለበጥ። በወር አንድ ጊዜ መገልበጥ በማናቸውም መንገድ ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር የተሞላው ለሰኔ ይደርሳል። በክረምት ግን ጉድጓድ ውኃ ስለሚያቁር ክምሩ ከመሬት በላይ ተሠርቶ በሣር ይከደናል።

ይህን በትእዛዝ ብቻ ለማስፈጸም የሚያስብ ሹም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በቁጥር ታዝዞ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ቆጣሪው ከሄደ በኋላ የዝናብ ማቆሪያና የጥጃ መውደቂያ ሆኖ ይቀራል። የሚሻለው የመጀመሪያው ጉድጓድ በአስተዳዳሪው ወይም በባለ መሬቱ በራሱ ግቢ እንዲሆንና በሰኔ ግማሹ መደብ በፍጉ፣ ግማሹ ያለ ፍግ ድንች እንዲተከልበት ነው። በመከር ጊዜ ለጉዳይ የመጣ ገበሬ የሁለቱን መደብ ድንች በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።

ወደ ጉድጓዱ የማይገባም አለ። ፌስታልና ላስቲክ አይበሰብስም፤ ቢያነዱትም ጢሱ መርዝ ስለ ሆነ ለብቻው ተለቅሞ ወደ ከተማው ቆሻሻ መጣያ ይሂድ። የዋግ በሽታ የመታው የድንች ቅጠልና ግንድም ወደ ጉድጓዱ አይጨመር፤ በሚገባ ያልሞቀ ክምር በሽታውን ለሚመጣው ዓመት ሊያቆየው ይችላልና። ይህንስ ሳያስተርፉ ሰብስቦ በእሳት ማቃጠል ተገቢ ነው፤ ለዚህም ኅዳር 12ን መጠበቅ አያስፈልግም።