ሂሳቡን ከባትሪው ጀምር

ቆይ፣ ያንን ቀይ ሽቦ ገና አትላጠው። መጀመሪያ የባትሪውን ነጋቲቭ ፍታ። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፉ ድንገት የባጃጁን ብረት ከነካ እዚያው ይተኩሳል፤ ነጋቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ያንን ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም። ስትመልሰው ደግሞ ፖዘቲቩ ይቀድማል። እሺ ወንድምዓለም? አሁን ቁጭ በልና የቴፑን ካርቶን ወዲህ በለው።

ቴፕ ላስገጥም ነው ስትለኝ የተቃወምኩህ መስሎህ ነበር። አልተቃወምኩም። ከጠዋት እስከ ማታ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ የሞተር ጩኸት ብቻ ሲሰማ የሚውል ጆሮ ይደክማል፤ ዘፈን ይገባሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ሁሉ እስፒከሩን መርጦ ይገዛና ባትሪው ይቻለው አይቻለው የሚጠይቀው አንድ ማታ መንገድ ላይ መብራቱ ሲደክምበት ነው። እኛ ከባትሪው እንጀምራለን።

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል አይደል? ይህ 200 ዋት መሆኑ ነው። እሱን ተወውና ከቴፑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፊውዝ እያት፤ 10 አምፔር ትላለች። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ሲሞላ የምታገኘው ቢበዛ 14 ቮልት ገደማ ነው። 14ን በ10 ብታባዛ 140 ዋት። ታዲያ 140 ዋት የበላ ዕቃ 200 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ከዚያም ላይ እንዲህ ባለው ቴፕ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሲዘፍን ጀርባው የሚግለው ለዚህ ነው። ለአንድ እስፒከር ሃያ ዋት እንኳ በጥራት ከደረሰው ደህና ነው። ወደፊትም ዕቃ ስትገዛ ካርቶኑን ሳይሆን ፊውዙን አንብብ፤ ሊያጋንንብህ አይችልም።

ሃያ ዋት አነሰ ብለህ እንዳትከፋ። ባጃጅ ጠባብ ናት፣ ይበቃታል። ግን እስፒከር ስትመርጥ ዋቱን ብቻ አትይ፤ ከጀርባው በዴሲቤል የተጻፈች ቁጥር ትኖራለች፣ እሷን ፈልግ። አንዱ 89፣ ሌላው 92 ቢል ልዩነቱ ሦስት ብቻ ይመስላል። ሆኖም 92 የሚለው ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ያወጣል። ባትሪህን የሚያድንልህ ይህ ነው። ጓደኞችህ የሚያወሩለትን ትልቁን ባስም ተወው። ባጃጅ ጎኗ ክፍት ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ በሁለቱም በር ይወጣና ለአንተ የሚተርፍህ የላሜራ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። አንተ የምትወደው ደግሞ የእኛው አገር የአዝማሪ ጨዋታ ነው። የማሲንቆና የሰው ድምፅ የሚቀመጠው መሀል ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ 16 ሳንቲም የሆነ ደህና እስፒከር ጥርት አድርጎ ያሰማሃል።

አሁን ቆጣሪውን ስጠኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያነባል፤ 12.2 ካነበበ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩን አስነሥተህ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። እዚያ ካልደረሰ ቴፑን አስቀምጥና መጀመሪያ ቻርጁን አሠራ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፦ ሞተሩ ባለበት ቆሞ ሲንደቀደቅ የሚሰጠው ቻርጅ ትንሽ ነው። ማታ መብራት አብርተህ፣ መናኸሪያ በር ላይ ሰው እየጠበቅህ፣ ቴፑን ከፍተህ ብትቆም ባትሪው እየሞላ ሳይሆን እየተበላ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር እንዳትለኝ፤ የሚሞላው ያው አንድ ማግኔት ነው፣ የሚጨምረው ክብደትህን ነው።

ሽቦው ላይ ነው እኔ የማልለቅህ። ባለ ሱቁ የሰጠህ ቀጭን ነው፣ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ይመስለኛል። ከባትሪው እስከ ቴፑ ሦስት ሜትር ቢሆን፣ መልሱ ሲደመር ስድስት ሜትር ይሆናል። በ10 አምፔር ይህ ሽቦ ብቻውን 1.4 ቮልት ይበላብሃል፤ ባሱ በመታ ቁጥር ቴፑ ጠፍቶ የሚመለሰው በዚህ ነው። በ2.5 ብትዘረጋው የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ይሆናል። ታዲያ 2.5 ስልህ ለቤት የሚዘረጋውን ድፍኑን ሽቦ አታምጣ። እሱ በንዝረት ይሰበራል፤ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ተቆርጦ ይቆያል። ባለ ብዙ ፀጉሩን ተለስላሽ ሽቦ ነው የምልህ።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይግባ። ቴፑ የራሱ ፊውዝ አለው እኮ ትለኛለህ። አዎ፣ የቴፑ ፊውዝ የሚጠብቀው ቴፑን ነው፤ መሀል ያለውን ሽቦ ማን ይጠብቀው? ሽቦው ከብረት ጋር ተፋትጎ ላስቲኩ ቢላጥ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያ ይለቃል፤ ቤንዚን ያለበት ዕቃ ላይ ደግሞ ይህ ጨዋታ አይደለም። 15 አምፔር አድርግበት። ቢቃጠል ምክንያቱን ፈልግ፣ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለህ የምትመልስ ልጅ እንዳትሆን። ማሳውንም የዛገ ብሎን ላይ አትሰር፤ ጥቁሩን ሽቦ እስከ ባትሪው ነጋቲቭ ውሰደው።

እሱን የክላክሱን ሽቦ አትንካ! የመብራቱንም፣ የፍሬቻውንም። ከእነሱ ላይ ጠልፎ ማብራት ይቀላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ቴፑ ያመጣው ጣጣ ክላክስህን ይዞ እንዲጠፋ አልፈልግም። ቢጫው የቴፑን ማስታወሻ የሚይዘው ነው፣ በፊውዙ አልፎ ቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ቀዩ ከቁልፉ በኋላ ካለው ይያዝ፣ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ መጨረስ የተለመደ ነው፤ አንተ ግን አታድርገው። ቢጫውም ብቻውን ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ 10 ሚሊአምፔር ቢሆን በወር ወደ 7 አምፔር-ሰዓት ይመጣል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጇ ለሳምንታት የምትቆም ከሆነ ፊውዙን ንቀለው። በምላሹ የሚጠፋብህ ሰዓቱና የያዝካቸው ጣቢያዎች ብቻ ናቸው።

የእስፒከሮቹን ሽቦ ወደ ኋላ ስትወስድ ሞተሩ እዚያ መሆኑን አትርሳ። ከካንዴላው ገመድ አርቀው፣ ከሚግለው ብረትም። ከካንዴላው ጋር አብሮ ከሄደ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ዘፈኑ ውስጥ «ዚይይ» የሚል ይገባል፤ ያ ድምፅ ከገባ በኋላ ምንጩን መፈለግ ቀን ያስፈጃል። አሁን የባትሪ ድንጋይ አለህ? ያቺን ባለ 1.5 ቮልቷን። የእስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለቅጽበት አስነካት፤ ሽፋኑ ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የእስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ምልክት አድርግበት። አንዱ እስፒከር ቀጥ፣ ሌላው ግልብጥ ሆኖ ከታሰረ ሁለቱ እየተገፋፉ ባሱን ያጠፉታል፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ደህና እስፒከር አውጥቶ ጥሏል! ሁለት ባለ 4 ኦም እስፒከሮችንም በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን አትሰር፤ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ይህ ቴፕ አይችለውም።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ የእኛን ዝናብ ታውቀዋለህ። ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን በጎን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የወረቀት ሽፋን ያለውን ሳይሆን የፕላስቲኩን ምረጥ፤ ወደ ላይ ተገልብጦ ሳይሆን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይታሰር። ሽቦው ዕቃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲጎብጥ አድርገው፣ ውኃው እዚያ ጎብጦ ይንጠባጠባል። መጋጠሚያውን በናስትሮ ብቻ አትሸፍን፤ በሊድ በይደህ ከዚያ ሸፍነው። ናስትሮ በበጋው ሙቀት ሙጫው ይቀልጣል፣ በአቧራውም ይላቀቃል።

ሬዲዮም ትከፍታለህ። የኤፍ ኤም ባሕር ዳር 96.9 እዚህ ድረስ እንዲጠራ አንቴናው 77 ሳንቲም ቢሆን ለዚያ ሞገድ ልኩ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና የጌጥ መብራት አጠገቡ አታድርግ፣ ሬዲዮውን የሚያንጫጫው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ወደ ዓለም በር ተራራው ከጀመረ በኋላ ቢቆራረጥ ግን ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ሞገዱ ተራራ አያልፍም። ፍላሽ ያዝ።

አሁን ጨርሰሃል መሰለህ፣ ለእኔ ግን ዋናው ገና ነው። ጆሮህን እያሰብኩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 90 ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። አንተ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ነው የምትነዳው? ሞተሩ ራሱ እየጮኸ በላዩ ሌላ ስትጨምርበት፣ በአርባ ዓመትህ ልጆችህን «ምን አላችሁ?» እያልክ እንድትኖር አልፈልግም። የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል እንዳያልፍ የአገሪቱ መለኪያ ያዛል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁም፣ ቁጥር 300/1995፣ ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። ትራፊክ ባያስቆምህ እንኳ ለቅሶ ቤት አጠገብ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭነህ ዝጋው። እናታችን ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?

እንግዲህ ና፣ እንለካው። ሞተሩን አስነሣ፣ ቴፑን ክፈት፣ እኔ ከኋላ ልቀመጥ። በተለመደው ድምፄ፣ እንደ አንዲት ደካማ እናት ቀስ ብዬ «ወራጅ» እላለሁ። አንተ ድምፁን አንድ አንድ እያልክ ጨምር። ሳትሰማኝ የቀረህባት ቁጥር ስንት ናት? ከእሷ ሦስት ቀንስና ያ ጣሪያህ ይሁን። ሲከፈት በስንት ድምፅ እንደሚጀምር የሚወስነውን ቦታ ደግሞ ማስተካከያው ውስጥ ፈልገው፤ ካለው እዚያችው ቁጥር ላይ አድርገው፣ ጠዋት ጎረቤት ሳይነሣ ቁልፍ ስትከፍት አገሩን እንዳይቀሰቅስ።